የረዳት ሚኒስትሩ አያት

ሰው ፊት ቆሜ አስቀድሜ ያልጻፍኩትን ነገር የተናገርኩት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተናገርኩትም አንድ ቃል ነበር። ቃሉ ትክክል ይሁን ስሕተት እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። ምናልባት እናንተ ትወስኑልኝ እንደሆነ ነገሩን ከመጀመሪያው ላቅርብላችሁ።

ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው። ኬንያ አዲስ መንግሥት መርጣ፣ ማታቱ የሚሉት የታክሲ ሚኒባስ ሾፌር ሳይቀር ስለ ሕገ መንግሥት የሚሟገትበት ወቅት ነበር። እኔ አርባ አራተኛ ዓመቴን ይዤ፣ በዋና ከተማዋ ኪሊማኒ በሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ ቢሮ ተከራይቼ፣ ለግብረ ሰናይ ድርጅቶች ሪፖርት በማረም እተዳደራለሁ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ለዘጠኝ ዓመታት የባለሥልጣናትን ንግግር ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ። በእኛ መሥሪያ ቤት ልማድ ባለሥልጣን ንግግሩን ያነባል። ያላነበበ እንደሆነ አልተዘጋጀም ይባላል። እኔም ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ሰረዝ፣ ጭብጨባ የሚጠበቅበትን ሁለት ሰረዝ እያደረግኩ የምሰጥ ሰው ነበርኩ። ሁለት ሰረዝ ባሰመርኩበት ቦታ ያልተጨበጨበበትን ቀን አላስታውስም። የሚጨበጨበው ንግግሬ ስላማረ ይመስለኝ ነበር።

ዳርሚን ያገኘኋት ሁርሊንግሃም በሚባል ሰፈር በሚገኝ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት ነው። ከሰሜኑ የድንበር አካባቢ ለኬንያ ምክር ቤት የተመረጠች የቦረና ሴት ናት። ሞያሌ ስላደገች ከቦረንኛና ከስዋሂሊ ሌላ አማርኛም ትናገራለች። ያን ቀን ባለቤቲቱ ስታስተዋውቀን እጄን ይዛ አልለቅ አለች።

«ንግግር ትጽፋለሽ አሉ። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛዬ የገበያ ነው። በስዋሂሊ ከሆነ ግን የሞተ ግመል አስነሳለሁ።»

«እርስዎ የሚፈልጉት በምን ጉዳይ—»

«እርስዎ እያልሽ አታስረጅኝ! በአንድ ድርቅ ዘመን የተወለድን ነው የምንመስለው።»

ከዚያ ወዲህ አንቺ ተባባልን። እዚህም እሳቸው ብላት ትስቅብኛለችና በለመደችው እጠራታለሁ።

የመጀመሪያ ንግግሯን ጻፍኩላት። ምክር ቤት ገብታ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበበችው። ማንም አላቋረጣትም። እኔም ይህን እንደ ማስረጃ ወሰድኩት፤ በዚህም አገር ንግግር ይነበባል ብዬ ደመደምኩ። የምክር ቤቱ የሥነ ሥርዓት ደንብ በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ይሸጥ ነበር። ነጠላ ሰረዝ ተዛነፈች ብላ ሦስት ጊዜ የምታትም ሴት፣ ያንን መጽሐፍ አልገዛሁም።

በጥቂት ወራት ውስጥ ዳርሚ የራሷን የውሳኔ ሐሳብ ለምክር ቤቱ አስመዘገበች። ጉዳዩ መታወቂያ ነበር። በሌላው የኬንያ ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ወረቀቱን ይዞ ቀርቦ መታወቂያውን ያወጣል። በሰሜኑ ግን ከዚያ በፊት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ዜጋ መሆኑን ማስረዳት አለበት። የዳርሚ ሐሳብ ይህ የኮሚቴ ጥያቄ ይቅር የሚል ነበር። ለአብነትም አንዲት ልጅ ይዛልኝ ወደ ቢሮዬ መጣች።

ሎኮ ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ድንበሩ አጠገብ ስላደገች እሷም አማርኛ ትችላለች። ነርስነት ለመማር ኮሌጅ ተቀብሏታል፤ ነገር ግን ያለ መታወቂያ አይመዘግብም፤ ለምዝገባው መዘጋት የቀሩት ሦስት ሳምንታት ናቸው። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ባዶ እጇን መልሷታል።

«ምን ብለው ጠየቁሽ?» አልኳት እስክሪብቶዬን አዘጋጅቼ።

«አያትሽ ግመሎቹን በየትኛው ጉድጓድ ያጠጣ ነበር? አሉኝ፤ መለስኩ። የግመሎቹ ምልክት ምን ነበር? አሉኝ፤ መለስኩ። አባትሽ በተወለደ ዓመት ባላባቱ ማን ነበር? አሉኝ። እትዬ፣ እኔ አባቴ የተወለደ ቀን አልነበርኩም።»

ዳርሚ ከት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ በጥንቃቄ ከጻፍኩ በኋላ ለተከበረ ጉባኤ እንደማይመጥኑ ወሰንኩ። ግመልና ጉድጓድ የሰሜኑን ሰው ያስንቁታል ብዬ አሰብኩ። በምትካቸው ስለ ዜግነት ጽንሰ ሐሳብ፣ ስለ እኩልነት መርሆ፣ ስለ መንግሥት ግዴታ በእንግሊዝኛ አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ። የግመሉን ነገር መጨረሻ ላይ አባሪ አድርጌ በትናንሽ ፊደል አስቀመጥኩት።

አባላት በግላቸው የሚያስመዘግቡት የውሳኔ ሐሳብ የሚቀርበው ረቡዕ ጠዋት ነበር። በዚያ ረቡዕ ሎኮና እኔ በፍተሻ አልፈን በሕዝብ መቀመጫው ሰገነት ላይ ተቀመጥን። ማጨብጨብ ክልክል ነው፤ መነጋገር ክልክል ነው፤ ወደ ታች አጎንብሶ ማየትም አይወደድም። ከታች ከተሰበሰቡት እንደራሴዎች አንዱ ጋዜጣ በጉልበቱ ዘርግቷል፤ ሁለቱ ስለ አንድ ቀብር ያወራሉ። ሎኮ የኮሌጁን ደብዳቤ አጥፋ በእጇ ይዛለች።

«እዚህ ለምን አመጣሽው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ቤት ትቼው ቢጠፋስ?»

ዳርሚ ተነሣች። አሥራ አንዱን ገጽ ከፊቷ ዘርግታ ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የእኔ ኩራት ነበረ፤ ሰባት መስመር ይዞ አንዴም አይሰናከልም። ሁለተኛውን ገጽ ስትገልጥ ከፊት ለፊት ወንበር አንድ ወፍራም ሰው ብድግ አለ።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ፣ ክቡር አፈ ጉባኤ! የተከበሩት አባል እየተናገሩ ነው ወይስ ንባብ እየተለማመዱ?»

ሳቅ ሆነ። አፈ ጉባኤው በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩአት።

«የተከበሩ አባል፣ ንግግር በዚህ ምክር ቤት አይነበብም። ማስታወሻ ማየት ይቻላል። ባለፈው የመጀመሪያ ንግግርዎ ስለ ነበር በልማዳችን መሠረት ዝም ብለን አሳለፍንዎት። ወረቀቱን ያስቀምጡ።»

ሰገነቱ ላይ ሆኜ ስሕተቴ ገባኝ። የወሰድኩት ማስረጃ ደንብ አልነበረም፤ ለአዲስ ገቢ የሚደረግ የእንግዳ ክብር ነበር።

ዳርሚ ወረቀቱን አስቀመጠች።  ከዚያ ትከሻዋን አስተካክላ በስዋሂሊ ጀመረች፤ ድምፅዋም ወዲያው የሌላ ሰው ሆነ። ሦስት ቃል እንኳ አልጨረሰችም። ያው ወፍራም ሰው እንደ ገና ተነሣ።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ በእንግሊዝኛ የጀመረ በእንግሊዝኛ ይጨርሳል ይላል ደንባችን። ወይስ ለሰሜን ሌላ ደንብ አለ?»

«ልክ ነው» አሉ አፈ ጉባኤው፣ ትንሽ እንዳዘኑ። «በጀመሩበት ቋንቋ ይጨርሱ።»

የጀመረችበትን ቋንቋ የመረጥኩላት እኔ ነበርኩ። ሰባት መስመር የሚይዘው ያ ዐረፍተ ነገር በስተኋላዋ በሩን ቆልፎባታል። በገበያ እንግሊዝኛዋ አራት ደቂቃ ያህል ተፍጨረጨረች። «ዜጋ»፣ «እኩል»፣ «መንግሥት» የሚሉ ቃሎቼ ከወረቀቱ ተነቅለው ወለሉ ላይ እንደ ተበተነ ጥራጥሬ ተንከባለሉ። የሚስቅ ሳቀ፤ የሚበዛው ግን ተነሥቶ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ሎኮ ወደ እኔ ዘወር አለች።

«እትዬ፣ አለቀ?»



ደጋፊ ሆነው የተመዘገቡ አንድ ሽማግሌ እንደራሴ ተነሥተው «እደግፋለሁ» አሉና ወዲያው ተቀመጡ። ከዚያ ሁለት አባላት ስለ ድንበር ጥበቃ ተናገሩ። ቀጥሎም የመንግሥቱን መልስ የሚሰጡት ረዳት ሚኒስትር ተነሡ። ሰፊ ፈገግታ ያላቸው፣ መልከ መልካም ሰው ናቸው።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣» አሉ እየተዝናኑ፣ «ጥያቄው እኮ ቀላል ነው። እውነተኛ ኬንያዊ አያቱን ያውቃል። አያቱን የማያውቅ ሰው መታወቂያ ቢሰጡት እንኳ መታወቂያው ያፍርበታል።»

የቀሩት እንደራሴዎች ጠረጴዛ መቱ። ጨዋታው ያለቀ መሰለኝ። ነገር ግን ደንቡን ያላነበብኩት እኔ አንድ ነገር አላውቅም ነበር፤ ሐሳብ አቅራቢ መጨረሻ ላይ የመልስ ዕድል አለው፤ ያ ደግሞ ራሱን የቻለ ንግግር ነው። ዳርሚ ታውቅ ኖሯል። ባዶ እጇን ተነሥታ ከመጀመሪያው ቃል በስዋሂሊ ጀመረች።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ የተከበሩት ረዳት ሚኒስትር አያቱን የማያውቅ ኬንያዊ አይደለም ብለዋል። አምናቸዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ እኔ ኮሚቴ ነኝ። ቢፈቅዱ ሦስት ጥያቄ ልጠይቃቸው፤ ቢመልሱ ሐሳቤን መልሼ እወስዳለሁ።»

ጋዜጣው ታጠፈ። ረዳት ሚኒስትሩ እየሳቁ ተነሡ። «ይጠይቁ!»

«የአያትዎ ከብቶች የሚጠጡት ከየትኛው ውሃ ነበር?»

«ከወንዝ!»

«ወንዝ ስም የለውም? ይሁን፣ እንለፈው። የጆሯቸው ምልክት ምን ነበር?»

ረዳት ሚኒስትሩ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ጆሮ ሰደዱ። ምክር ቤቱ ፈነዳ።

«አባትዎ በተወለዱበት ዓመት የአገሩ ባላባት ማን ነበር?»

ረዳት ሚኒስትሩ ጥቂት አሰቡና አንድ ስም ጠሩ፤ ሳይርበተበቱ፣ ደረታቸውን ነፍተው። በዚህ ጊዜ ከኋላ ወንበር ያገራቸው ሰው የሆኑ አንድ እንደራሴ ተነሡ።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ! ክቡር አፈ ጉባኤ፣ የጠሩት ሰው ባላባት አልነበረም። የጠሩት የገዛ አያታቸውን ነው። እሱን ደግሞ ባላባቱ ግብር አልከፈልክም ብሎ አስሮት ያውቃል!»

ከሻይ ክፍል ሰው መመለስ ጀመረ። ሳቁ እዚያ ድረስ ተሰምቷል መሰለኝ፣ አንዳንዱ ስኒውን በሩ ላይ ለአስተናጋጅ እየሰጠ ይገባል። ዳርሚ ግን አልሳቀችም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ኮሚቴዬ ተወያይቷል። የተከበሩት ረዳት ሚኒስትር ዜጋ ለመሆናቸው በቂ ማስረጃ አላቀረቡም። በሚቀጥለው ዓመት አያታቸውን ይዘው ይምጡ።»

«እኔንም ሊጠይቁኝ ነው?» አሉ አፈ ጉባኤው።

«እርስዎን አልጠይቅም፣ ክቡር አፈ ጉባኤ። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ቢቀርስ?»

አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ዳርሚ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሎኮ የተናገረችው። ስሟን አልጠራችም። «ከእነዚህ ጥያቄዎች ሁለቱን መልሳ አንዱን በመሳቷ ሦስት ጊዜ የተመለሰች ልጅ አለች» አለች፤ «ረዳት ሚኒስትሩ አንዱንም አልመለሱም። ልዩነቱ እሳቸው መኪናቸው ላይ ባንዲራ ያላቸው መሆኑ ነው።» ይኸው ነበር። ተቀመጠች።

ድምፅ ሲሰጥ «ይሁን» የሚለው ጩኸት ጣሪያውን ነካው። «አይሁን» የሚል አልተሰማም፤ ረዳት ሚኒስትሩ ራሳቸው ከሁሉ አስበልጠው «ይሁን» አሉ። የሰው ሳቅ ከያዘህ አብረህ መሳቅ ነው፤ ይህን ያወቁ ሰው ነበሩ።

እኔ ሰገነቱ ላይ ተቀምጬ የማስበው ስለ አባሪዬ ነበር። በትናንሽ ፊደል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የምነግራችሁ ደስ የሚል ታሪክ ይሆን ነበር። ከምክር ቤቱ ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ዳርሚ ሎኮን አቅፋ ቆማለች፤ ሰው እጇን ይጨብጣል። ረዳት ሚኒስትሩ ሰው ሳሳ እስኪል ጠበቁና ፈገግ ብለው ቀረቡ።

«ምሄሺሚዋ፣» አሏት፤ በስዋሂሊ የተከበሩ እንደ ማለት ነው፤ «ገደልሽኝ። ሚስቴ ዛሬ በሬዲዮ ትሰማኛለች። ልጅቷ ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ስሟን ስጪኝ። በአሥር ቀን ውስጥ መታወቂያው በእጇ ይገባል። ቃሌ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ለስለስ አደረጉ። «አንቺም ታውቂያለሽ፤ የምክር ቤት ውሳኔ ሕግ አይደለም። መንግሥት ያጠናዋል። ለሚመጣው ሳምንት ያስመዘገብሽው ጥያቄ አለ፤ ውሳኔው መቼ ሥራ ላይ ይውላል የሚል። እሱን እንኳ ለጊዜው ብትሰርዢው። እያጠናን ሳለ ለምን ትጨቀጭቂናለሽ?»

ዳርሚ ፊቷ ጠቆረ። ጥያቄው ከቀረበ ረዳት ሚኒስትሩ ተነሥተው በመዝገብ የሚጻፍ ቀን መናገር ግድ ይሆንባቸዋል። ጥያቄው ከተሰረዘ ግን ውሳኔው ከሌሎች መልካም ውሳኔዎች ጋር ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ሁላችንም ገብቶናል። ዳርሚ ወደ ሎኮ ዞረችና በቦረንኛ ነገረቻት፤ ቀጥላ እኔም እንድሰማ በአማርኛ ደገመችው።

«ካርዱ ያንቺ ነው፤ ጥያቄው የኔ ነው። ተዪው ካልሽኝ እተወዋለሁ። አትተዪው ካልሽኝ ካርዱን እርሺው።»

ሎኮ ደብዳቤዋን በሁለት እጇ ይዛ ዳርሚን አየች፣ ረዳት ሚኒስትሩን አየች፤ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ታናሽ ወንድሜም ዘንድሮ ኮሚቴ ፊት ይቆማል። ልውሰደው?»

«እስከ ነገ ጠዋት ባስብበት…» አልኩ። በሐሳቤ ወረቀት አውጥቼ በመሐል መስመር ከፍዬ፣ በአንድ በኩል ጥቅሙን በሌላው ጉዳቱን ልጽፍ ነው።

ረዳት ሚኒስትሩ ሰዓታቸውን አዩ። «እማማ፣ እኔ ከሰዓት ሌላ ስብሰባ አለኝ።»

ለረቂቅ የሚሆን ጊዜ አልነበረም። ለእርማት አልነበረም። ቀይ ሰረዝ የማኖርበት ቦታ አልነበረም።

«ውሰጂው» አልኩ።

ዳርሚ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች፤ ከአሥራ አንዱ ገጽ የመጨረሻውን ነበር። ጀርባው ላይ የሎኮን ሙሉ ስም ከነአያቷ ጽፋ ለረዳት ሚኒስትሩ ሰጠች። እሳቸውም በጥንቃቄ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ከጻፍኩት ሁሉ በአንድ ባለሥልጣን ልብ አጠገብ የደረሰው ያ ገጽ ብቻ ነው፤ የተፈለገውም ጀርባው ነው።

መታወቂያው በዘጠነኛው ቀን መጣ። ቃላቸውን አንድ ቀን አስቀድመው ጠበቁ፤ ይህን ሳልመሰክርላቸው ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። ሎኮ ተመዘገበች። የዳርሚ ጥያቄ አልቀረበም። ኮሚቴው ሥራውን ቀጠለ፤ የሎኮ ወንድም በዚያ ዓመት ባዶ እጁን ተመለሰ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ተመለሰ። በሳቅ የጸደቀው ውሳኔ፣ ሕዝብ ሁሉ ሞገስ እየለመነ እንዳይኖር የቆመው ውሳኔ፣ ፍሬው ለአንዲት ልጅ የተደረገ ሞገስ ሆኖ አረፈ። ይህን ያደረገው ደግሞ ክፉ ሰው አልነበረም። ከመካከላችን ክፉ ማንም አልነበረም። አራት ሰዎች ኮሪደር ላይ ቆመን፣ እያንዳንዳችን ቸር የሆነ ነገር አደረግን።

ዳርሚ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ከዓመት በኋላ አብረን ምሳ ስንበላ በራሷ አንሥታ «አንቺ ዝም ብትዪም እተወው ነበር» አለችኝ። እውነቷን ይሁን እኔን ለማሳረፍ አላውቅም። እንድጽፍላትም ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። እኔም ለማንም ንግግር አልጻፍኩም። ዛሬ ሥራዬ ሰዎች የደረሰባቸውን ሲናገሩ ተቀምጦ መመዝገብ ነው። ግመሉን ከግመሉ ምልክት ጋር በትልቅ ፊደል እጽፋለሁ፤ አባሪ የሚባል ነገር የለኝም። ይህን መለወጥ ብላችሁ ከቆጠራችሁልኝ፣ ተለውጫለሁ።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። እዚያ ኮሪደር ላይ እኔን ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? ለመመለስ አትቸኩሉ እንዳልላችሁ፣ ሰዓቱን የሚያይ ሰው አጠገባችሁ ቆሟል። ለብዙ ዓመታት «አትውሰጂ» ማለት ነበረብኝ እያልኩ ስተኛ፣ ጠዋት ግን «ደግ አደረግሁ» እያልኩ ስነሣ ኖሬአለሁ። መሪዎች የሚባሉት ሰዎች በየቀኑ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። እኔ አንድ ጊዜ ቀረበልኝና ይኸው ዕድሜዬን በላ።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ወደ ሰሜን ሄጄ ሎኮን ጎበኘኋት። በአንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆናለች። ወንድሟ በመጨረሻ መታወቂያ አግኝቶ እንደሆነ ጠየቅኳት። «በስድስተኛው ዓመት» አለች፤ «መጀመሪያ ሊቀጥሩት የነበሩት ሰዎች ግን አልጠበቁትም።» ይህን ስትል አልከሰሰችኝም፤ አላጽናናችኝምም።

እያወራን ሳለ በዚያው ጠዋት የወለደች እናት ወረቀት እንዲሞላላት መጣች። የልደት ማስታወቂያ ቅጽ ነው፤ የሕፃኑ ስም፣ የእናት ስም፣ የአባት ስም፣ ቀን። ሎኮ መስመሮቹን ሁሉ ሞልታ ስታበቃ እስክሪብቶውን አላስቀመጠችም። ወረቀቱን አዙራ ሴትዮዋን በቦረንኛ ትጠይቃት ጀመር፤ እናትየው እየሳቀች ትመልሳለች። ሎኮ ምንም መስመር በሌለው ኅዳግ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በደቃቅ ጽሕፈት ትጽፋለች።

«ምን እየጻፍሽ ነው? ቅጹ እኮ አይጠይቅም» አልኳት።

«አያቱ የሚያጠጣበትን ጉድጓድ» አለች ቀና ሳትል። «የግመሎቹን ምልክት። ዘንድሮ ባላባቱ ማን እንደሆነ። ለሁሉም እጽፋለሁ፣ እትዬ። ይህ ልጅ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ይጠየቃል።»